ማዶ ተሻግሮ ለቀረው ፌርማታ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በየመስኮቱ ተቀምጠው «ነገ ይመለሱ» የሚሉኝ ሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም ጠዋት ጠዋት ከቤትዎ በር አንስቶ ከቢሮዎ በር የሚያደርስዎ መኪና እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ በማኅተም ካልሆነ አያምርም።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እጄም ከእስክሪብቶ ይልቅ መርፌ ነው የለመደው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ያለቦታው የገባ ፊደል ቢያገኙ እንደ ፌርማታዎ ይቁጠሩልኝ፤ ከቦታው የተነሣው ለጊዜው ነው።

ደብዳቤውን ሁሉ ሰው እንዲያነበው ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በፖስታ ጽፌ ሁለቱ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብለዋል። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ስላጣሁ፣ ለሁሉም ብጽፍ ከሁሉም መካከል አንድ የሚመለከተው አይጠፋም ብዬ ነው።

ነገሩ ስለ ልጄ ነው። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለንም። በከተማችሁ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ ከእኛ ዘንድ ወደ እናንተ መጣች፤ በአምስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። ምስጋናዬ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በተራ በተራው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ።

ልጄ የሥራ ውሏን የፈረመች ዕለት «ከተማችንን ለሚቀላቀሉ አዲስ ነዋሪዎች» የሚለውን መጽሔትዎን ይዛልኝ መጣች። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ሥዕሉ ባለቀለም ነው፤ ምክሩም የአባት ምክር ነው። ቤት የሚከራይ ሰው ጸጥ ያለ ሰፈር ይምረጥ ይላል፤ ሰፈሩን ሄዶ በዐይኑ ይይ፣ የመንገድ መብራት መኖሩን ይጠይቅ፣ ጎረቤት ያነጋግር፣ ከቤቱ እስከ ፌርማታው ያለውን መንገድ በካርታው ላይ ይለካ ይላል። እኔ የመከሩኝን የማልጥል ሴት ነኝና ሁሉንም ፈጸምኩ።

ካርታውን ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ጥግ ጥጉን በመቀስና በካውያ ያዝኩት። ከቀይ ክር በጥሼ ከግቢው በር እስከ ፌርማታው ምልክት አስተኛሁት። ክሩ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አልበለጠም። በመጽሔትዎ ስሌት መቶ ሃያ እርምጃ መሆኑ ነው። «እይውማ» አልኳት፣ «እግርሽ ጫማው ውስጥ ሳይሞቅ አውቶቡስ ላይ ነሽ።»

እሷ ግን ሌላ ቤት ዐይታ ነበር። አብራት የተማረች ጓደኛዋ ከአንድ አናጺ ቤት በላይ ሰፊ ክፍል ተከራይታ አብረን እንኑር ብላታለች። «እማ፣ ፌርማታው እኮ መስኮታችን ሥር ነው» አለችኝ። ሄጄ ዐየሁት። መጋዙ ይጮኻል። ደጃፉ ላይ ወንዶች ጣውላ ላይ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። የደረጃው በር ቀጥታ ወደ አስፋልት ይከፈታል። የእርስዎ መመሪያ ደግሞ ጸጥ ያለ ሰፈር ብሏል። «ልጄን ከመጋዝ በላይ አላስተኛትም» አልኩ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ከዚያ እንደ ልማዷ እሷ ተሸነፈችልኝ።

እኔ የመረጥኩትን ሰፈር ልናይ የሄድነው እሑድ ጠዋት ነው፤ በሥራ ቀን የደንበኛ ልብስ ጥዬ መሄድ አልችልም። ያ ሰፊ አስፋልት ባዶ ነበር። እርግቦች ይለቃቅሙበታል፤ አንድ ውሻ መሃሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። «ጸጥታ ማለት ይህ ነው» አልኳት፣ ውሻውን እያሳየኋት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። ልዩነታችን በሬው ሣሩን ያየው በገዛ ዐይኑ መሆኑ ነው፤ ለእኔ ሣሩን በቀለም አትሞ የሰጠኝ መሥሪያ ቤት አለኝ።

2ኛ. ፌርማታውን ወደ ማዶ ስላሻገሩልን አመሰግናለሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት መጽሔቱ ከታተመ በኋላ፣ እኛም ከመምጣታችን በፊት፣ በዚያ በኩል የፍሳሽ ቦይ ሊቆፈር ነው ተብሎ አውቶቡሱ አደባባዩን እየዞረ ከአስፋልቱ ማዶ እንዲቆም ታዟል። ቁፋሮው በሁለት ሳምንት አለቀ፤ ይህን ፍጥነት ሳላደንቅ አላልፍም። አውቶቡሱ ግን በዚያው ማዶ ቀረ። አሮጌው ምሰሶ ከነታርጋው፣ ከነቁጥር 31፣ በቦታው ቆሟል፤ እንደ እኔ ያለው ሰው መጥቶ እንዲያየውና እንዲደሰት ይመስለኛል።

ልጄ ሥራ የጀመረች ቀን ከዚያ ምሰሶ ሥር ቆማ ሦስት አውቶቡስ ከማዶ አለፋት። እዚያው ጥላ ዘርግቶ የሚሠራ ጫማ ሰፊ አለ። «እህቴ» አላት፣ «እዚህ የሚቆመው እኔ ብቻ ነኝ። አውቶቡሱ ከሄደ ቆየ።» የመጀመሪያ ቀኗን አርፍዳ ገባች።

3ኛ. «ለጊዜው» ስለምትለው ቃል አመሰግናለሁ።

እኔም በሙያዬ እጠቀምባታለሁ። ልብስ ሲለካ ለጊዜው በሰፊ ስፌት ይያዛል፤ ከዚያ በደንብ ይሰፋል፤ የለጊዜው ክር ተመዝዞ ይጣላል። ክሩን ሳልመዝ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። የእናንተ ለጊዜው ግን ልጄ ስትገባ ነበረ፤ ልጄ ስትቀበር ነበረ፤ ዛሬም አለ።

ሕጋዊው መሻገሪያ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህንንም በየመስኮቱ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። በብረት ደረጃ የሚወጣበት ድልድይ ነው። ከቀብሯ በኋላ ሄጄ ቆጠርኩት። ከግቢው በር ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ሄዶ፣ አርባ አራት ደረጃ ወጥቶ፣ ያንኑ ወርዶ፣ በማዶ በኩል ያንኑ ያህል ተመልሶ ነው ፌርማታው የሚገኘው። በእኔ እግር ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከበሯ ቀጥ ብሎ ቢታይ ግን አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች የፊታቸው ሳቅ ሁሉ ይታያል። በዚያች ጠዋት ድልድዩ ላይ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አልነበረም፤ ከታች ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሰው አስፋልቱን ሲሻገር ቆጥሬአለሁ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ልጅ ያዘለች፣ ምርኩዝ የያዘ። መሃል ላይ ሲደርሱ ሁሉም እንደ ልብስ መስቀያ ቀጥ ብለው ይቆሙና መኪናው በግራ በቀኝ ያልፋቸዋል።

ከሆስፒታሉ የሥራ መቆጣጠሪያ እንዳየሁት ልጄ እንዲህ እያለች ዘጠና ሦስት ጠዋት ተሻግራለች። ዘጠና አራተኛው ነው እምቢ ያለው።

የጭነት መኪናውን ሹፌር በዚህ ደብዳቤ አልወቅሰውም። ቆሟል። ወርዶ ራሷን ደግፎ ይዟል። ቤቴ ድረስ መጥቶም መሬት መሬቱን እያየ ተቀምጧል። ባለበት መቆም የሚያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ያገኘሁት ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ እሱን ነው።

4ኛ. ስለ መልስ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ።

ለሦስተኛው ደብዳቤዬ መልስ በማኅተም ደርሶኛል። እንዲህ ይላል፦ «በጽሕፈት ቤታችን መዝገብ መሠረት ፌርማታ ቁጥር 31 በካርታው ላይ በተመለከተው ሥፍራ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከፌርማታው ውጭ ለደረሰው አደጋ ጽሕፈት ቤቱ የሚመለከተው ነገር አለመኖሩን እየገለጽን፣ በዚህ አጋጣሚ መጽናናትን እንመኛለን።»

አራት ጊዜ አነበብኩት። በእርግጥም ያጽናናል። እንደ መዝገብዎ ከሆነ ፌርማታው ከግቢው በር መቶ ሃያ እርምጃ ላይ ነው፤ ልጄም አልተሻገረችም፤ የምትሻገርበት ምክንያት የለማ። እንደ መዝገብዎ ከሆነ እስካሁን ከምሰሶው ሥር ቆማ አውቶቡስ እየጠበቀች ነው። እባክዎ ሲመጣ ያሳፍሩልኝ። ሥራ እንዳይረፍድባት።

ከሠራተኞችዎ መካከል አንዷን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ውሃ በብርጭቆ አምጥታ «ይቀመጡ እናቴ» አለችኝ፤ ከዚያ ዘወር ዘወር ብላ ዐይታ፣ «እኔም እዚያው ሰፈር ነኝ፤ እኔም በዚያው ነው የምሻገረው» አለችኝ በሹክሹክታ። መልኳንም የተቀመጠችበትን መስኮትም አልጽፍም። ከሠራተኞችዎ አንዷ በየጠዋቱ ወደ እርስዎ ቢሮ ለመድረስ ያን አስፋልት እንደምታቋርጥ ብቻ ይወቁት።

5ኛ. ይህ አምስተኛው የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ይሁንና ቁጥሩ እንዳይዘለል እዚሁ አስገባሁት።

ያን እሑድ ከምሰሶው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ዐይቻለሁ። ዝናብ መትቶት ጫፉ ተንጠልጥሏል። የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ መሰለኝ። እኛ ቤት አግኝተናል ብዬ አላነበብኩትም። ልጄ ልታነበው ጠጋ ስትል «ነይ፣ አከራይዋ ትጠብቀናለች» ብዬ እጇን ጎተትኩት። በኋላ ሄጄ ስፈልገው «ፌርማታው ለጊዜው» የሚለው ብቻ ቀርቶት ነበር። የቀረውን ዝናብ ወስዶታል። በዚያ እሑድ ግን ሙሉው ይነበብ ነበር ይሆናል። ይህን አላውቅም፤ አለማወቄም አያስተኛኝም።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሥራ የጀመረች ቀን በምሳ ሰዓት ደውላልኝ ነበር። እኔ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ነው ያናገርኳት።

«እማ፣ ያንቺ ፌርማታ እኮ ማዶ ተሻግሮልሻል!» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? አንቺም ተሻገሪያ!» አልኳት፤ ሳቅሁም። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ አንስታብኝ አታውቅም። አናጺው ቤት ልግባ ብላ እንደገና አልለመነችኝም። ልጄ እኔን ከምታሸንፈኝ ይልቅ ብትሸነፍልኝ ደስ የሚላት ልጅ ነበረች፤ ያሳደግኳትም እንዲህ አድርጌ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ፌርማታውን አሻገረ፤ ተሻገሪ ያልኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን በማንም መዝገብ ላይ ስላላገኘሁት በራሴ እጅ ጻፍኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያም የከፋ አደረግኩ፤ ስስማት ገደል ከተትኳት።

ከወር በፊት ጓደኛዋን ለመጠየቅ ወደዚያ አናጺ ቤት ሄድኩ። እነዚያ ጣውላ ላይ የሚሳሳቁት ወንዶች እዚያው መስኮቱ ሥር ባለው ፌርማታ ሰው የሚቀመጥበትን አግዳሚ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። አውቶቡሱ ከአደባባዩ ብቅ ሲል መጋዙን ያቆሙና «ዶክተር፣ መጣልሽ!» ብለው ወደ መስኮቷ ይጮኻሉ። ዶክተር እንዳልሆነች ያውቃሉ፤ ሊያሾፉባት ነው። እሷም ፀጉሯን እያሰረች ደረጃውን ትወርዳለች። እኔ የፈራሁላት ጩኸት ይህ ነበር።

አባቷ እስከ ዛሬ «አንቺ ነሽ የመረጥሽላት» ብሎኝ አያውቅም። ያን ካርታ አጥፎ የሆነ ቦታ አስቀምጦታል፤ የት እንደሆነ አልጠይቀውም፤ እሱም አይነግረኝም። አንድ ቀን ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለመጻፍ የተነሣሁት በራሴ ለቅሶ ምክንያት አይደለም፤ ለቅሶ ደብዳቤ አያስፈልገውም። የልጄን ልብስና መጻሕፍት ልሰበስብ ወደ ክፍሏ የሄድኩ ቀን፣ ሻንጣውን ዘግቼ ልወጣ ስል አንዲት እናትና ልጅ ቤቱን ሊያዩ መጡ። እናትየዋ በእኔ ዕድሜ ናት። በእጇ የእርስዎን መጽሔት ይዛለች፤ ካርታው ላይ በእርሳስ ከግቢው በር እስከ ቁጥር 31 መስመር አስምራበታለች። ቁልፉን ፈተሸች፤ መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እህቴ፣ ለትራንስፖርት ይመቻል?» አለችኝ።

አከራይዋ ዐየችኝ። ለልጄ ደግ ነበረች፤ ስትታመም አጥሚት ሠርታላት ታውቃለች። መናገር ነበረብኝ። ለመናገር ግን በመጀመሪያ «እኔም እንዳንቺ ለክቼ ነበር» ማለት ነበረብኝ። «ቅርብ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ይህን የጻፍኩት ሊታዘንልኝ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአውቶቡሱ ሰዓት ሲደርስ የሌላ ሰው ልጅ ትሻገርብኛለች።

በአራተኛው ቀን ለአከራይዋ ደውዬ ክፍሉን የተከራየችውን ልጅ አገናኚኝ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሁሉ በፊት የእኔን ጥፋት ነገርኳት፤ በድልድዩ እንድትሄድ ለመንኳት። በአክብሮት ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለችኝ ይመስልዎታል? «እማማ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ለእኔ አይጨነቁ፤ እኔ እኮ ሮጬ ነው የምሻገረው።»

እንግዲህ የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። አውቶቡሱን ወደ አሮጌው ምሰሶ ይመልሱት። ይህ ከከበደ አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር ቀብታችሁ መኪና የሚያቆም መብራት ትከሉ። ይህም ከከበደ ካርታው ላይ ያለውን ምልክት ነቅላችሁ ፌርማታው ወዳለበት አዛውሩት፤ ይህን ለማድረግ ቀለም እንጂ ቁፋሮ አያስፈልግም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እኔ ዘግይቼ የጮኽኩ ውሻ ነኝ፤ ለልጄ አልደረስኩም። ለዚያች ሯጭ ግን ጅቡ ገና አልሄደም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሰጡን መመሪያ፣ ላሻገሩልን ፌርማታ፣ ለተመኙልንም መጽናናት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። መንገድዎ ሁሉ ከበር እስከ በር ይሁንልዎ፤ የሚሻገሩት አስፋልት አይግጠምዎ፤ ልጆችዎም ማንም በጥፍሩ የለካላቸው ቤት አይግቡ።

የመመሪያዎ ታማኝ አንባቢ፣
ልብስ ሰፊዋ፣
እንደ መዝገብዎ ከሆነ ቁጥር 31 ላይ ቆማ የምትጠብቀው ልጅ እናት

ማሳሰቢያ፦ በእንግዳ መቀበያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ያ ካርታ በትልቅ የጨርቅ ባነር ታትሞ ተሰቅሏል። ባለፈው ሐሙስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ከጠዋት እስከ ምሳ ስጠብቅ ቦርሳዬ ውስጥ መርፌና ያ ቀይ ክር ስለነበሩ፣ እጅ ከሚፈታ ብዬ ከግቢው በር ተነሥቼ፣ አስፋልቱን አቋርጬ፣ ማዶ እስካለው ፌርማታ ድረስ ሰፍቼበታለሁ። ጥበቃው መጥቶ «ምን እየሠሩ ነው እማማ?» ቢለኝ «የተቀደደ ነገር አለ፣ ልስፋው ብዬ ነው» አልኩት፤ «እግዜር ይስጥልን» ብሎኝ ወንበር አቀረበልኝ፤ እባክዎ በእሱ አይቆጡ። ስፌቱ የለጊዜው አይደለም፤ ድርብ ነው፤ ልንቀለው የሚል ሰው ካርታውን አብሮ ይቀደዋል። አስፋልቱ ላይ መሻገሪያ የተሠራ ዕለት ግን ይላኩብኝ፤ መቀሴን ይዤ መጥቼ እኔው እፈታዋለሁ።